ኮማው ወዴት ይዞራል? ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፉ ፊደላት፣ ኮምፒውተርና የእኛ ነጠላ ሰረዝ

በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መካከል ሁለት የእስራኤላውያን ስሞች በዕብራይስጥ ፊደል ቢጻፉና በመካከላቸው የእንግሊዝኛው ኮማ ቢገባ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቅደም ተከተል ጸሐፊው ካሰበው የተለየ ይሆናል። መጀመሪያ የተጻፈው ስም በስተቀኝ ይውላል፣ ሁለተኛው በስተግራ፤ የአማርኛውን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ የመጣ ሰውም ሁለተኛውን ስም አስቀድሞ ያገኘዋል። ስሞቹ የአበዳሪና የተበዳሪ፣ የአመልካችና የተጠሪ ከሆኑ ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በዚያው ቦታ የእንግሊዝኛው ኮማ ወጥቶ የእኛው ነጠላ ሰረዝ ቢተካ ግን፣ ሌላ አንዲት ፊደል ሳትነካ፣ ስሞቹ በተጻፉበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰለፋሉ።

ይህ የፕሮግራም ብልሽት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ደንብ ጠብቆ ሠርቷል። ችግሩ ያለው ኮማ በተፈጥሮው የራሱ አቅጣጫ የሌለው ምልክት በመሆኑ ላይ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፉ ፊደላት ይህን ምልክት ከአውሮፓ ሲወስዱ አንዳንዶቹ መልኩን ለውጠው ወሰዱት፣ ሌሎቹ እንዳለ ተቀበሉት፤ ስለ መልኩም ብዙ ተብሏል። ስለ አቅጣጫው ግን በእጅ ጽሑፍና በሕትመት ዘመን መወሰን አያስፈልግም ነበር፤ ምልክቱ የሚያርፈው የጸሐፊው ወይም የፊደል ለቃሚው እጅ ባስቀመጠው ቦታ ነውና። ዛሬ ቦታውን የሚወስነው አልጎሪዝም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ደረጃ በደረጃ የሚከተለው ደንብ ነው። ስለዚህም በእስራኤል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሌሎችም ቦታዎች አማርኛን ከዕብራይስጥ ወይም ከዐረብኛ ጋር በአንድ ገጽ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ፣ ያወቁት አወቁት ያላወቁት ሳያውቁት፣ ከዚህ አልጎሪዝም ጋር ይሠራሉ።

በመጀመሪያ መልኩን እንመልከት። የላቲኑ ኮማ (,) ራሱ በመስመሩ ላይ ተቀምጦ ጭራው ወደ ታችና ወደ ግራ ይታጠፋል። የዐረብኛው ኮማ (،) ራሱን በመስመሩ ላይ አድርጎ ጭራውን ወደ ላይና ወደ ቀኝ ያወጣል፤ ማለትም የላቲኑ ምልክት 180 ዲግሪ ተሽከርክሮ የተወሰደ ነው። ሦስተኛም መልክ አለ (⹁)፤ ይህኛው አልተሽከረከረም፣ ነገር ግን በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ግራና ቀኙን ቀይሯል፣ ስለዚህ ጭራው እንደ ላቲኑ ወደ ታች ቢወርድም የሚታጠፈው ወደ ቀኝ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዐረብኛ የጥያቄ ምልክቱን በመስታወት መልክ ሲወስድ ኮማውን ግን በማሽከርከር መውሰዱ ነው። ከአንድ ቤት የመጡ ሁለት ምልክቶች በሁለት የተለያዩ መንገዶች ተለውጠዋል፤ ይህም ለውጡ አንድ ወጥ የአቅጣጫ ሕግ ተከትሎ ያልመጣ፣ በዓይን ልማድና በፊደል ቀራጮች ምርጫ የተሠራ መሆኑን ያሳያል።

የቀድሞው የዐረብኛ ጽሑፍ ኮማን አላወቀም፣ አላጣውምም። እንደ ግእዙ ሁሉ ዐረብኛ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር፣ ስምን ከስም የሚያያይዘው በ«ወ» ነው፤ የሐሳቡ መገጣጠሚያ በቃሉ ውስጥ ስላለ ምልክቱ የግድ አልነበረም። ለቅዱስ ቁርኣን ንባብ የት ማቆም እንደሚገባ፣ የት ማለፍ እንደሚሻል የሚያመለክቱ ከመስመሩ በላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ፊደላት ነበሩ፤ እነዚህ ግን ለተራ ጽሑፍ አልዋሉም። ጋዜጣ፣ የተተረጎመ ልብ ወለድና የትምህርት ቤት መጽሐፍ በበዛበት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን፣ ድምፁን ሳያሰማ በዓይኑ ፈጥኖ ለሚያነብ አንባቢ መልክ ያለው ዕረፍት ማስፈለጉ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1912 ግብጻዊው ሊቅ አሕመድ ዘኪ ፓሻ የዐረብኛን ሥርዓተ ነጥብና አጠቃቀሙን የሚደነግግ ትንሽ መጽሐፍ በካይሮ አሳተመ፤ ዛሬ በዐረብኛ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የሥርዓተ ነጥብ ትምህርት መሠረቱ በአብዛኛው ያ ሥራ ነው። ዘኪ የአውሮፓን ምልክቶች ከቀድሞው የቁርኣን ንባብ የማቆሚያ ሥርዓት ጋር እያዛመደ ማቅረቡ፣ አዲሱ ነገር እንደ ባዕድ እንዳይታይ የተደረገ ብልህ አካሄድ ይመስለኛል።

የዕብራይስጥ ታሪክ ሌላ መንገድ ሄዷል። የጥብርያዶስ ማሶራውያን የተባሉት የአይሁድ ሊቃውንት ለመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ የሠሯቸው የዜማ ምልክቶች ማንኛውም ኮማ ሊገልጸው ከሚችለው በላይ የረቀቁ ናቸው፤ የጥቅሱን ዋና መክፈያ፣ ንዑስ መክፈያና መጨረሻ ለየብቻ ያሳያሉ። ነገር ግን እነዚያ ምልክቶች በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቀሩ። የአይሁድ የብርሃን ዘመን በሚባለው ወቅት፣ ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ በጀርመን ምድር ይኖሩ የነበሩ ጸሐፍት ዕብራይስጥን ለዘመናዊ ድርሰት ሲያውሉት ከጀርመንኛ የተማሩትን ሥርዓተ ነጥብ ይዘው ገቡ፤ ኮማውንም፣ የጥያቄ ምልክቱንም መልኩን ሳይነኩ ወሰዱ። ዕብራይስጥ እንደ ዐረብኛ ፊደሎቹ አይቀጣጠሉም፤ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ አራት ማዕዘን መሰል ፊደል በመሆኑ የላቲኑ ኮማ በጎኑ ሲቀመጥ ዓይን ብዙ አይቃወመውም። በቅጥልጥል ወደ ግራ በሚፈሰው የዐረብኛ መስመር ላይ ግን ያው ኮማ ከፊደሎቹ ጋር ለመምታታት ይቀርባል፤ ከመስመር በታች የሚወርድ ጭራ ያላቸው የዐረብኛ ፊደሎች ብዙ ናቸውና።

ይህ የመልክ ልዩነት በኮምፒውተር ዘመን ወደ ቁጥር ልዩነት ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የላቲንና የዐረብኛ የኮድ ሠንጠረዥ፣ አይኤስኦ 8859-6፣ የላቲኑን ኮማ በተለመደው 44 ቁጥር ላይ ትቶ ለዐረብኛው 172 የሚል ሌላ ቁጥር ሰጠ። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ 44 ላይ 128 ሲደመር 172 ይመጣል፤ ድርብ ሰረዙም ከ59 ወደ 187፣ የጥያቄ ምልክቱም ከ63 ወደ 191 በዚያው 128 ተሻግረዋል። በጊዜው የነበረው ሐሳብ፣ እያንዳንዱ የዐረብኛ ምልክት የላቲን አቻው ባለበት ረድፍ በሠንጠረዡ ሌላኛው ግማሽ ይቀመጥ የሚል እንደሆነ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የዕብራይስጡ ሠንጠረዥ፣ አይኤስኦ 8859-8፣ ለኮማ የተለየ ቦታ አላበጀም፤ አላስፈለገውም። ለዓለም ፊደላት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድም ሲመጣ ሁለቱን ውሳኔዎች እንዳሉ ወረሰ፦ የዐረብኛው ኮማ 1548 የሚል የራሱ ቁጥር አለው፣ ዕብራይስጥ ግን እስከ ዛሬ ከእንግሊዝኛ ጋር አንዱን 44 ይጋራል። ፋርስኛ፣ ኡርዱ፣ ኡይጉርኛ፣ እንዲሁም የማልዲቭስ ታና ፊደልና የዛሬው ሱርስት የዐረብኛውን ኮማ ይጠቀማሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል፤ ዐረብኛ የራሱን ኮማ አግኝቷል፣ ስለዚህ የዐረብኛው ኮማ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ጽሑፎች የሚበላሹትም እዚሁ ላይ ነው።

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ቁምፊ፣ ማለትም ለፊደሉም ለአኃዙም ለምልክቱም፣ የአቅጣጫ ባሕርይ ይመድባል። ፊደላት ጠንካራ ናቸው፤ የዕብራይስጥ አሌፍ ምንጊዜም ወደ ግራ፣ የእኛ «ሀ» ምንጊዜም ወደ ቀኝ ይጎትታል። አኃዞችና ከአኃዝ ጋር የሚውሉ አንዳንድ ምልክቶች ደካማ ናቸው፤ ቦታና አብዛኛው ምልክት ደግሞ ገለልተኛ ሆኖ አቅጣጫውን ከጎረቤቱ ይዋሳል። የዐረብኛው የጥያቄ ምልክትና የዐረብኛው ድርብ ሰረዝ እንደ ዐረብኛ ፊደል ጠንካራ ተብለው ተመድበዋል። የዐረብኛው ኮማ ግን ከወንድሞቹ ተለይቶ ከላቲኑ ኮማ ጋር በአንድ ደካማ ክፍል፣ በቁጥር መለያዎች ክፍል ውስጥ ገብቷል። መልኩ ተለይቷል፣ ቁጥሩ ተለይቷል፣ ባሕርዩ ግን የላቲኑ ኮማ ባሕርይ ነው።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ለማየት አንድ የዐረብኛ አስተማሪ ለተማሪዎቹ «ጥያቄ 3፣ 5 እና 7ን ሥሩ» ለማለት ሦስቱን ቁጥሮች በዐረብኛ ኮማ ብቻ ለይቶ፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ሳይተው ጻፈ እንበል። የዩኒኮድ ደንብ በሁለት አኃዞች መካከል ያለ አንድ ነጠላ መለያ የቁጥሩ አካል ይሆናል ስለሚል፣ ኮምፒውተሩ ሦስቱን ቁጥሮችና ሁለቱን ኮማዎች እንደ አንድ ረጅም ቁጥር ይቆጥራቸዋል። ቁጥር በዐረብኛም በዕብራይስጥም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሰለፍ 3 በስተግራ፣ 7 በስተቀኝ ይውላል፤ ከቀኝ የሚጀምረው ተማሪም 7፣ 5፣ 3 ብሎ ያነባል። ለጥያቄ ቁጥር ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለመድኃኒት አወሳሰድ ቅደም ተከተል፣ ለስብሰባ አጀንዳ ወይም ለመጽሐፍ ምዕራፍና ቁጥር ግን ጉዳት አለው። ከእያንዳንዱ ኮማ በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ቢኖር ኖሮ ደንቡ ኮማውን ከቁጥር አካልነት ያወጣውና ዝርዝሩ በትክክል ከቀኝ ወደ ግራ ይሰለፍ ነበር። ከኮማ በኋላ ቦታ መተው በሌሎች ፊደላት የንጽሕና ጉዳይ ነው፤ በእነዚህ ግን ትርጉም ይወስናል።

ኮማ በደካማ ክፍል የገባበት ምክንያት ለራሱ አሳማኝ ነው። 12,000 የሚለው ቁጥር በዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ኮማው ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ለሁለት ተሰብሮ 000 እና 12 በቦታ ይለዋወጡ ነበር። ዐረብኛ ለአሥርዮሽና ለሺሕ መለያ ሁለት የተለዩ ምልክቶች በዩኒኮድ ቢሰጡትም በተለመዱት የቁልፍ ሰሌዳዎች ላይ ስለማይገኙ ሰው በእጁ ያለውን ኮማ ይጠቀማል። ስለዚህ አንዱ ምልክት የሁለት ሥራ ሸክም ወድቆበታል፤ ቁጥርን ያያይዛል፣ ሐሳብን ይለያል። እኔ እንደሚመስለኝ የዐረብኛውን ኮማ እንደ ጥያቄ ምልክቱ ጠንካራ አድርጎ፣ የቁጥሩን ሥራ ለቁጥር መለያዎቹ መተው የተሻለ ነበር። አሁን ግን ዓለም ሁሉ የጻፈው ጽሑፍ በዚህ ባሕርይ ላይ ስለ ቆመ፣ ባሕርዩን መለወጥ የቆዩ ጽሑፎችን ሁሉ ማናወጥ ይሆናል።

የእኛ ነጠላ ሰረዝ ታሪክ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ነጠላ ሰረዝ 4963 የሚል ቁጥር ከማግኘቱም በላይ ከሁለት ነጥብ፣ ከድርብ ሰረዝና ከአራት ነጥብ ጋር እንደ ማንኛውም የግእዝ ፊደል ጠንካራ የግራ ወደ ቀኝ ቁምፊ ሆኖ ተመዝግቧል። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ሲውል ይህ ባሕርይ ፈጽሞ አይታወቅም። አማርኛ ከዕብራይስጥ ወይም ከዐረብኛ ጋር በአንድ መስመር ሲገናኝ ግን ዋጋው ይገለጣል።

በመግቢያው ወደ ተነሡት ሁለት ስሞች እንመለስና ውስጡን እንይ። በሁለት የዕብራይስጥ ስሞች መካከል የላቲኑ ኮማ ሲቆም፣ በግራና በቀኙ ያሉት ጎረቤቶቹ ሁለቱም ወደ ግራ የሚጎትቱ ስለሆኑ እሱም አብሯቸው ይሄዳል፤ ሁለቱ ስሞችና ኮማው አንድ የዕብራይስጥ ቁራጭ ሆነው ከቀኝ ወደ ግራ ይሰለፋሉ። ነጠላ ሰረዝ ሲቆም ግን በመካከላቸው አንድ ጠንካራ የአማርኛ ቁምፊ ስለ ገባ ቁራጩ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ስም በውስጡ ከቀኝ ወደ ግራ ቢነበብም ሁለቱ ስሞች ግን በአማርኛው ተራ፣ የመጀመሪያው በስተግራ፣ ሁለተኛው በስተቀኝ ይሆናሉ። ዕብራይስጥ አንባቢ የሆነ ሰው የመጀመሪያውንም አሰላለፍ ከቀኝ ጀምሮ ሊያነበው ይችላል፤ ነገር ግን አንባቢው መገመት ካስፈለገው ሰነዱ ሥራውን አልሠራም።

ቁጥር ሲጨመርበት ግምትም አያድንም። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ የዕብራይስጥ ወይም የዐረብኛ ስም ተጽፎ፣ ከዚያ የላቲን ኮማ፣ ከዚያ ባዶ ቦታና 2015 የሚል ዓመት ቢከተል፣ ዓመቱ ከስሙ በስተቀኝ መዋል ሲገባው በስተግራ ይገኛል፤ አኃዝ ደካማ ስለሆነ ከእሱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ጠንካራ ፊደል ይከተላልና። ከስሙ በፊት ሌላ ቁጥር ተጽፎ ከነበረ፣ ለምሳሌ የመታወቂያ ቁጥር፣ ዓመቱ ሄዶ በዚያ ጎን ስለሚቆም ሁለቱ ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ይሆናሉ፤ የትኛው የስሙ፣ የትኛው የዓመቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። በኮማው ቦታ ነጠላ ሰረዝ ቢኖር አኃዙ የሚያየው የመጨረሻ ጠንካራ ቁምፊ ነጠላ ሰረዙ ስለሚሆን በቦታው ይቆያል። የአማርኛ ጸሐፊዎች በስልክ ሲጽፉ ነጠላ ሰረዝን ትተው ኮማ መጠቀማቸው በአማርኛ ብቻ በተጻፈ ገጽ ላይ የወግ ጉዳይ ነው፤ በቅይጥ ሰነድ ላይ ግን መረጃ ያዛባል።

ተቃራኒውም ሊታወቅ ይገባል። ገጹ የዕብራይስጥ ሆኖ በመካከሉ የአማርኛ ዝርዝር ሲገባ፣ ለምሳሌ «ጎንደር፣ ወሎ፣ ትግራይ» የሚል፣ ከትግራይ በኋላ የሚመጣው ምልክት የማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ምልክቱ የዕብራይስጡን ዓረፍተ ነገር የሚከፍል ከሆነ የላቲኑ ኮማ መሆን አለበት፤ ያኔ የአንቀጹን አቅጣጫ ተከትሎ ከአማርኛው ቁራጭ በስተግራ፣ የዕብራይስጥ አንባቢ በሚጠብቀው ቦታ ያርፋል። በዚያ ቦታ ነጠላ ሰረዝ ቢገባ ከአማርኛው ጋር ተጣብቆ ከትግራይ በስተቀኝ ይቀራል፤ ይህም ለዕብራይስጥ አንባቢ ዝርዝሩ ሳይጀመር የተቀመጠ ምልክት መስሎ ይታየዋል። ለሁለቱም ሁኔታ የሚሠራ አንድ መመሪያ ማውጣት ይቻላል፦ ምልክቱ የሚመረጠው አጠገቡ ባለው ቃል ፊደል ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ በተጻፈበት ቋንቋ ነው።

በአንቀጽ መጀመሪያ ላይ ያለ ቃልም የራሱ ተጽዕኖ አለው። ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎች የአንቀጹን አቅጣጫ የሚወስኑት በመጀመሪያው ጠንካራ ፊደል ነው። የአማርኛ መልእክት በዐረብኛ ስም ከተጀመረ አንቀጹ በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይገለበጣል፤ ነጠላ ሰረዞቹና አራት ነጥቦቹ ከአማርኛ ቃሎቻቸው ጋር ቢቆዩም፣ በአማርኛው መጨረሻ ላይ ከላቲን ሠንጠረዥ የመጣ ነጥብ ወይም ኮማ ካለ ወደ መስመሩ ግራ ጫፍ ይሸሻል። እዚህ ላይ የቆየው የአክብሮት ልማዳችን ሳይታሰብ መፍትሔ ይሆናል፤ ስሙ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ተብሎ ከተጀመረ የመጀመሪያው ጠንካራ ፊደል አማርኛ ስለሚሆን አንቀጹ በአቅጣጫው ይጸናል።

የቁልፍ ሰሌዳዎቹ ለጸሐፊው አላዘኑለትም። በእስራኤል በተለመደው ሰሌዳ እንግሊዝኛው ኮማ ባለበት ቁልፍ ላይ የተቀመጠው ታቭ የተባለው ፊደል ነው፤ ኮማው ወደ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ቁልፍ ተዛውሯል። በዊንዶውስ የዐረብኛ 101 ሰሌዳ ደግሞ በዚያው ቁልፍ ላይ ዋው አለ፤ የዐረብኛውን ኮማ ለማግኘት ሺፍትን ይዞ የእንግሊዝኛው «ኬ» ያለበትን ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፣ የኮማውን ቁልፍ በሺፍት የመታ ሰው ግን የላቲኑን ኮማ ያገኛል። ጣቱ ልማድ የተከተለ ጸሐፊ የላቲኑን ማስገባቱ አይገርምም፤ በዐረብኛ ድረ ገጾች ላይ ሁለቱ ኮማዎች በአንድ አንቀጽ ተደባልቀው የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለማሽንም ሁለቱ ኮማዎች አንድ አይደሉም። አንድ ቅጽ «ቃላቱን በኮማ ለይተው ያስገቡ» ብሎ 44 ቁጥርን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ ዐረብኛ ጸሐፊ በራሱ ኮማ ለይቶ ያስገባቸው አምስት ቃላት እንደ አንድ ረጅም ቃል ይመዘገባሉ። በነጠላ ሰረዝ ለሚለይ አማርኛ ጸሐፊም ዕጣው ያው ነው። የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌሩ ወርድፕረስ ይህን አስቀድሞ ስለ ተረዳ የመለያውን ኮማ ራሱን ተርጓሚዎች በየቋንቋቸው እንዲተኩት ክፍት አድርጎታል፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ሥርዓቶች በዝተው ማየት እመኛለሁ። በሌላ በኩል፣ ስሞችን በኮማ እያያያዘ ዝርዝር የሚሠራ ሶፍትዌር፣ በዐረብኛ ከእያንዳንዱ ስም በፊት «ወ» መግባቱ የተለመደ መሆኑን ካላወቀ፣ ሰዋስዉ ትክክል የሆነ ነገር ግን ዐረብ የማይጽፈው ዓረፍተ ነገር ያወጣል።

ከቀኝ ወደ ግራ ከሚጻፉት ሌሎች ፊደላት አንዳንዶቹ በራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ሶሎማና ካንቴ እ.ኤ.አ. በ1949 ለምዕራብ አፍሪካ የማንዲንግ ቋንቋዎች የቀረጸው የንኮ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ በ2006 ዩኒኮድ ሲገባም የራሱን ኮማ ይዞ ገባ። ከሁሉ የሚደነቀው ግን የንኮ አኃዞች እንደ ፊደሎቹ ከቀኝ ወደ ግራ መሰለፋቸው ነው። ስለዚህ በዐረብኛ የቁጥር ዝርዝር ላይ የሚደርሰው መገለባበጥ በንኮ ላይ አይደርስም፤ ካንቴ አቅጣጫን ለፊደልም ለቁጥርም አንድ ያደረገው ኮምፒውተር ወደ ጽሑፍ ሥራ ከመግባቱ በፊት ነበር፣ ፍሬው ግን እዚህ ደርሷል። በመስታወት መልክ የተገለበጠው ሦስተኛው ኮማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኒኮድ ሲገባ ዋነኛ ፈላጊው ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈው ጥንታዊው የሃንጋሪ ፊደል ነበር፤ በዐረብኛ ፊደል በሚጻፈው ሲንዲም አልፎ አልፎ ይገኛል።

ለነባሮቹ ፊደላት መድኃኒቱ ከምልክቱ ውጭ ነው የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዩኒኮድ 6.3 እትም ባዕድ ቁራጭን ከአካባቢው ነጥለው የሚይዙ የማይታዩ ቁምፊዎችን ጨመረ፤ በድረ ገጽ ሥራ ደግሞ «ቢዲአይ» (bdi) የተባለው የገጹ ኮድ ማቀፊያ ያንኑ ተግባር ይፈጽማል። ስሙ በእንዲህ ያለ ማቀፊያ ከታቀፈ፣ ውስጡ ዕብራይስጥ ይሁን ዐረብኛ፣ ከውጭ ያለው ኮማ ሊጎተት አይችልም። የማይታዩት ቁምፊዎች ግን ድክመት አላቸው፤ ሲቀዳና ሲለጠፍ ሊጠፉ ይችላሉ፣ አራሚውም አያያቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ቁምፊዎች በፕሮግራም ኮድ ውስጥ በመሸሸግ ሰው የሚያነበውና ማሽኑ የሚፈጽመው እንዲለያዩ ማድረግ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ፣ የፕሮግራመሮች መሣሪያዎች በጥርጣሬ ያዩአቸው ጀምረዋል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የደኅንነት ጥንቃቄው ወደ ተራ ጽሑፍ ተሻግሮ ቁምፊዎቹን በጅምላ የሚያስወግድ ከሆነ፣ በሁለት አቅጣጫ የሚጽፍ ሕዝብ ስሙ በትክክል የሚጻፍበትን መሣሪያ ያጣል።

ስለዚህ በሁለት ቋንቋ ውል፣ የጤና መመሪያ ወይም የትምህርት ቤት ደብዳቤ ለሚያዘጋጁ ክፍሎች የሚበጀው፣ ሥራውን በየጊዜው በሚጽፈው ሰው ጥንቃቄ ላይ ከመጣል ይልቅ በቅጹ ውስጥ አስቀድሞ መሥራት ነው። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ቀን የሚገቡባቸው ቦታዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይታቀፉ፤ በመካከላቸው ያለው መለያ የቅጹ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን ነጠላ ሰረዝ፣ ዐረብኛ ሲሆን የዐረብኛው ኮማ ከባዶ ቦታ ጋር፣ ዕብራይስጥ ሲሆን የላቲኑ ኮማ ከባዶ ቦታ ጋር ሆኖ በቅጹ ውስጥ ይጻፍ። ቅጹ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም ሁለት የዕብራይስጥ ወይም የዐረብኛ ስሞች ተከታትለው፣ በመጨረሻቸውም ቁጥር ገብቶ ይሞከር፤ ኮማው ከቦታው የሚሸሽ ከሆነ በዚህ ሙከራ ወዲያውኑ ይታያል።